ቢጫው የጨረር መለኪያና የማርታ በርጩማ

ጠቅላላ ያስወጣኝ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ነው፤ የቀረብኝን ሽያጭ ሳልቆጥር። ዛሬ ይህን ገንዘብ ይዞ ፒያሳ የወጣ ሰው አንድ ደህና ጫማ ገዝቶ ለባጃጅ መመለሻ ሊያጥረው ይችላል። ያኔ ግን ስድስት ሺህ ብር ያለው ሰው መንገድ ላይ ቀድመው ሰላም የሚሉት፣ ምግብ ቤት ሲገባ ወንበር የሚሳብለት ሰው ነበር። ጋሪ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ለሁለት ከተሳፈሩ ሰባ አምስት። ሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ከነዳጣው ሦስት ብር፤ ሻጯን የሚያውቅ ሁለት ከሃምሳ ይበላል። እኔ ሁለት ከሃምሳ ነበር የምበላው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የማርታ መምጣት ነው። ማርታ የራጅ ባለሙያ ናት፤ ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የጨረር ጥበቃ ኃላፊ ሆና ጡረታዋን ትጠብቃለች። ባለፈው ማክሰኞ ሱቄ መጣች፣ ዕቃ ገዛች፣ ሄደች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እግሬ አላርፍ ብሏል። አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤቴ በጠዋት እወጣለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ሻይ አዛለሁ፣ ሻዩ ሳይመጣ ተነስቼ ወጥቻለሁ። በአስፋልቱ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፣ የጉዱማሌ መናፈሻ አጥር ጋ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኝና እመለሳለሁ። ባለቤቴ ስኳርህን ተለካ አለችኝ። ተለካሁ። ደህና ነው።

በዚያን ጊዜ ከተማዋን ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። ወንዱ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት ለብሶ በሙቀት ይቀቀላል፤ ሴቷ ጸጉሯን ፐርም ተሠርታ ጋሪ ላይ ስትወጣ ነፋስ እንዳያበላሽባት በሻሽ ትሸፍነዋለች። ከሱቄ ፊት ለፊት ካሴት የሚቀዳ ሰው ነበር፤ አንድ ዘፈን ከወደደ እስኪጠላው ድረስ ቀኑን ሙሉ ያጫውተዋል፣ እኛንም አብሮ ያስጠላናል። ዜማዎቹ እስካሁን አሉኝ፣ ግጥማቸውን ረስቼዋለሁ። እኔ መናኸሪያ ላይ ደረቴ ላይ ባንጠለጠልኩት ሳጥን ካልሲና ማበጠሪያ እየሸጥኩ ነው የጀመርኩት። ትምህርቴም እዚያው ነው፤ የአውቶቡሱ ሞተር ከተነሳ በኋላ መልስ ፈልጎ ኪሱን በሚዳብስ ሻጭና መልሱን አዘጋጅቶ በሚጠብቅ ሻጭ መካከል ያለውን ልዩነት የተማርኩት እዚያ ነው። እኔ ኪሳቸውን ከሚዳብሱት ወገን ነበርኩ። እንደዚያ እየዳበስኩ ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አራት ክፍል ቤት ሠራሁ። በፊት ለፊቱ ክፍል ራዲዮ፣ ፋኖስ፣ አምፖልና ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ፤ የኋላዎቹን ሦስት ክፍሎች ክሊኒክ ለከፈተ ሐኪም አከራየሁ።

ሐኪሙ ጥሩ ተከራይ ነበር። አንድ ቀን የራጅ ማሽን ላመጣ ነው፣ የክፍሉ በር በእርሳስ መለበጥ አለበት አለኝ። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እየቀለጠ የሚወጣውን ከባዱን እርሳስ ነው የሚለው። ጨረሩ በሌላ ነገር አይቆምም አለ። ከላይ እስከ ታች ለማስለበጥ ተስማማን፣ ዋጋውንም ከፈለኝ። እኔ ባትሪ ከሚያድሱት ሰዎች እርሳሱን ስጠይቅ ዋጋው ከሥጋ በለጠ። ቆሜ አሰብኩ። ከተማው የሚያስነሳው ራጅ ደረት ነው፤ ያሳለው ሁሉ ደረትህን ተነሳ ይባላል። ደረት ደግሞ የት እንዳለ የታወቀ ነው፣ ማንም በጉልበቱ አያስልም። ስለዚህ ከበሩ እጀታ በላይ እርሳስ፣ ከእጀታው በታች ተራ ላሜራ አስደረግሁ። ሁለቱንም በአንድ ግራጫ ቀለም አስቀባሁት። ሲያንኳኩት ጠንካራ ድምፅ ነበረው። በአሠራሩ ኮራሁበት ብል አልዋሸሁም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ ሐሳብ ነው የሚያፈስሰው እያልኩ ሳምንት ሙሉ በራሴ ብልጠት ተደስቻለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ማሽኑ የሚታዘዝበት ሳጥን ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ከሳጥኑ አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ነበረች። ማርታ ጉልበቷ በሩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በሽተኛውን ትንፋሽህን ያዝ ብላ ጮክ ትልና ቁልፉን ትጫናለች። ማሽኑ ሲያነሳ ግር የሚል ድምፅ አለው፣ በግድግዳው አልፎ ሱቄ ድረስ ይሰማል። ግር ባለ ቁጥር ክሊኒኩ ሥራ አለው፣ ኪራይ አይቀርም ብዬ ልቤ ይረጋ ነበር።

መለኪያውን ያገኘሁት በጨረታ ነው። ሥራውን ጨርሶ ከአገር የሚወጣ አንድ የውጭ ሰዎች ፕሮጀክት ዕቃውን ሲሸጥ፣ ልዩ ልዩ ተብሎ የተጻፈበትን አንድ ክምር በስምንት መቶ ብር አነሳሁ። ሁለት ቬንቲሌተር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ፤ ከሥር ደግሞ እንደ ዘይት ጀሪካን ቢጫ የሆነ፣ እጀታ ያለው፣ በመስታወቱ ውስጥ ቀጭን መርፌ የተኛበት ሳጥን። ድንጋይ ከትቼ ስከፍተው ጠቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ስለዚህ ዋጋ ሳልጽፍበት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋውን ገዢው እንዲናገር መተው ነው። የመብራት ሠራተኛው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው አለ፤ አንድ አስተማሪ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ማለ።

ረቡዕ ቀን ገልገሎ መጣ። ገልገሎ ከሻኪሶ የሚመጣ የወርቅ ሰው ነበር፤ በዚያ ሙቀት ቡናማ የቆዳ ጃኬት የማያወልቅ፣ ለቆፋሪዎቹ ባትሪ ድንጋይ በካርቶን የሚገዛ። ክንዱን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ሲከራከረኝ ያ ቢጫ ሳጥን ክፍት ሆኖ አጠገቡ ነበር። በድንገት እንደ በቆሎ ፈንዲሻ መንጣጣት ጀመረ። ገልገሎ እጁን ሲያነሳ ዝም አለ። ሲመልሰው ተንጣጣ። በእጁ ላይ የነበረው፣ እሱ የወርቅ ነው የሚለው፣ መደቡ ቢጫ የሆነ፣ ቁጥሮቹ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩ አሮጌ ሰዓት ነው። ሰዓቱን አወለቀና አቀረበው፣ አራቀው፣ እንደገና አቀረበው። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

“ወርቅ አየ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

እኔ አዎ አላልኩም። አይደለም ማለቱም የእኔ ሥራ አልመሰለኝም። ስንት ነው ሲለኝ ስንት ይመስልሃል አልኩት። ስድስት ሺህ ላይ ቆምን። አንድ ሺህ አምስት መቶ ቀብድ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ቀሪውን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። የቀብድን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገዢ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ያን ቀን ዓሣ ሦስት ብር ከፍዬ በላሁ።

ሐሙስ ጠዋት ማርታ ለራዲዮዋ ድንጋይ ልትገዛ ገባች። ያኔ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በመዘምራን የምትዘምር፣ ሲያናግሯት አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ልጅ። መደርደሪያውን አይታ ቀጥ አለች። ይህን ከየት አመጡት አለችኝ። ዕቃውን አዲስ አበባ ስትማር እንደያዘችው ነገረችኝ። በዓይን የማይታየውን የራጅ ጨረር ይቆጥራል አለች። ራጅ ያለበት ክፍል ሁሉ ሥራ ሳይጀምር በዚህ ይለካል፣ ትልልቅ ቦታ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጨረሩ ሲበዛ በራሱ የሚጮህ አለ አለች። ሐኪሙን ደጋግማ ብትጠይቀው ማሽኑ ትንሽ ነው አትፍሪ ይላታል። የገልገሎን ሰዓት ስነግራት ሳቀች፤ የሚያበራው ቀለም ነው እንጂ ወርቁማ ምን ያስጮኸዋል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያላሰብኩትን ነገረችኝ። ባገባች በሰባት ዓመቷ አርግዛለች። አራተኛ ወሯ ነው። ከባሏና ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

“የምቀመጥበትን ልለካው ጋሽ ሸምሱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል።”

እኔ በዚያች ሰዓት የታየኝ በሩ ነው፤ ከእጀታው በታች ያለው። ተሽጧል አልኳት። ቅዳሜ አይደል የሚወስዱት፣ ዛሬ ሐሙስ ነው አለች። ድንጋይ የለውም አልኳት። ቦርሳዋን ከፍታ አራት ድንጋይ ስጡኝ አለች። ሸጥኩላት። ዋጋውን ሳልቀንስ፣ አንዱን በአንድ ብር ከሰባ አምስት። ከዚያ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ አልኳት። እስከዚያ ግን የመለኪያውን ማብሪያዎች አንድ በአንድ ነካካሁና ድምፁን ለብቻው የሚያጠፋውን አገኘሁ።

ሐኪሙ ለምሳ ሲወጣ ገባሁ። ማርታ አንድ ጀሪካን ውሃ ሞልታ በሽተኛ በሚቆምበት ቦታ ከፍ አድርጋ አስቀምጣለች፤ ሰው ማለት ለጨረሩ እንደ ውሃ ነው አለችኝ። የቁልፉን ገመድ እስከሚደርስ ስባ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው የኮንክሪት ምሰሶ ጀርባ ሄዳ ቆመች። እኔን በርጩማዋ ላይ አስቀመጠችኝ። ማሽኑን ረጅም የሚያነሳበት ላይ አድርጌዋለሁ፣ ደጋግሜ አነሳለሁ፣ መጀመሪያ ከፍ አድርገው ይያዙት፣ ቀጥሎ በሆድ ልክ አለችኝ። እሷ የቆመችበት ቦታ ሆና መርፌውን አታይም፣ የምትጠብቀው ድምፁን ነው። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ።

ግር አለ። ከእጀታው በላይ መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ከባትሪ የወጣው እርሳስ ሥራውን ይሠራል። ዝቅ አደረግሁት። ግር ሲል መርፌው ተስፈንጥሮ የመስታወቱን ጫፍ መታ። እንደገና ግር፣ እንደገና መታ። ጉልበቴን ወደ ጎን ማሸሼን ያወቅሁት ካሸሸሁት በኋላ ነው።

“ምን ይላል?” አለችኝ ከምሰሶው ጀርባ።

“ምንም አይልም። ተኝቷል።”

“ሆድ ልክ ነው የያዙት?”

“ሆድ ልክ ነው።”

መጥታ በርጩማዋን በመዳፏ ነካች፣ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። በእነሱ ሥርዓት ጸሎት በድምፅ ነው። ጌታን አመሰገነች፣ ስለ ልጇ አመሰገነች፣ ባሏን ጠራች፣ በመጨረሻም ጋሽ ሸምሱን ባርከው፣ ሥራውን ባርክለት አለች። እኔ መለኪያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መሄዱም ጸሎት ማቋረጥ ሆነብኝ።

ሱቄ ተመለስኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ቅጥር ስለነበር ለደረት ምርመራ የተላኩ ወጣቶች ኮሪደሩን ሞልተውታል። ግር አለ። ባንኮኒውን ወለወልኩ። ግር አለ። አንድ ገበሬ ራዲዮ ሊገዛ መጣ፣ ከገዛሁበት በአሥር ብር አሳንሼ ሸጥኩለት፣ እሱም ተጠራጥሮ ሁለት ጊዜ ከፍቶ አየው። ሱቁን ዘግቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ የዓሣው ሽታ አስጠላኝ፣ ተመለስኩ። አራተኛው ግር ሲል መደርደሪያውን ከላይ ወደ ታች መደርደር ጀመርኩ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ካሴት ቀጂው ያንኑ ዘፈን ይደጋግማል። ሌላ ቀን ኪራዬን የሚነግረኝ ድምፅ ያን ቀን አንድ በአንድ ይቆጠርብኝ ጀመር። ለራሴ ብዙ ነገርኩት፤ ሦስት ዓመት ተቀምጣበት ምን ሆነች አልኩ፣ ገልገሎ ቅዳሜ ይዞት ይሄዳል አልኩ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም አልኩ። ሁሉም እውነት ነበር። ስድስተኛው ግር ሲል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። መለኪያውን አንጠልጥዬ ገባሁ።

ማርታ ትንፋሽህን ያዝ ብላ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው።

“ማርታ፣ ተነሺ።”

“ሰው ውስጥ አለ፣ ጋሽ ሸምሱ።”

“ተነሺ አልኩሽ። መርፌው ተኝቶ አልነበረም።”

ጣቷን አነሳች። መለኪያውን ከእጄ ወሰደችና አገላብጣ አየችው። የድምፁን ማብሪያ ወዲያው አገኘችው፤ ለካ ታውቀዋለች። አበራችው፣ ጠቅ አለ።

“ይህን ያጠፉት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

“ስጸልይ ቆመው ነበር።”

“ቆሜ ነበር።”

ውስጥ ያለውን ወጣት ልብስህን ልበስና ነገ ተመለስ አለችው። ውጭ የቀሩትንም አሰናበተች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ሐኪሙ ሲመጣ ሥራው ለምን ቆመ ብሎ ተቆጣ፤ እሷ በጣቷ እኔን አሳየችው። ስለ በሩ ነገርኩት። ግማሽ በር ነው የሸጥክልኝ አለኝ። ግማሹ ግን ንጹህ እርሳስ ነው አልኩት። ለማርታ ማሽኑ ትንሽ ነው ይላት የነበረው ሰው ያን ቀን ማሽኑ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለእኔ አንድ ሰዓት አስተማረኝ።

ቅዳሜ ገልገሎ ገንዘቡን ይዞ መጣ። መለኪያውን ማርታ ክሊኒኩ ውስጥ ቆልፋበታለች፣ ልስጥህ ብልም አልችልም። ቀብዱን እጥፍ አድርጌ ሦስት ሺህ ብር ቆጠርኩለት፤ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ ከኪሴ። ስለ ሰዓቱ ቀለም አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ አንተ ራስህ ልትቆፍር ነው፣ ቀጥታ ንገረኝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩን አፍርሼ ስሠራ ከሻኪሶ የመጡ ሁለት ሰዎች ሻይ ቤቱ ተቀምጠው የሚወጣውን አፈር ሲያዩ ይውሉ ነበር። እርሳሱ በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ለበያጁና ለግንበኛው ስድስት መቶ። የአንድ ወር ኪራይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ማርኩ። ሥራው ሲያልቅ ማርታ ባሏን ምሰሶው ጀርባ አቁማ ቁልፉን አስይዛ በሩን ከውጭ እኔ ልለካው ስትል፣ ባሏ እምቢ አለ፤ እሷ ምሰሶው ጋ ቆመች፣ እሱ ለካ። ድምፁ በርቶ ነበር። እኔን አልጠሩኝም፣ ሱቄ ሆኜ ግሩን ብቻ ሰማሁ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ያች ሸምሱ ጋ ያለችው ዕቃ እየተባለ አንዱ ክሊኒክ ለሌላው ነገረ፣ እኔም ከአስመጪዎች እየገዛሁ ማምጣት ጀመርኩ። በእጅ የሚያዘውን፣ ደረት ላይ የሚሰካውን፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አረንጓዴ ሲያበራ ቆይቶ ጨረር ሲያይ ቀይ የሚሆነውን። ራዲዮ የገዛ ሰው ሊሰማው ነው የሚገዛው፤ ይህን ዕቃ ግን ብዙው ሰው የሚገዛው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ነው። አንድ ቦታ በእጅ የሚያዘው ከነላስቲኩ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት አግኝቻለሁ፤ የፈረመበት ሰው ቢሰበር እኔ እጠየቃለሁ አለኝ። ሌላ ቦታ የግድግዳውን ዳንቴል አልብሰውታል፣ አቧራ እንዳይገባው ብለው። ዳንቴሉን ሳነሳው ቀይ ነበር። ያን ጊዜ ዕቃ መሸጤን ትቼ ጮህኩባቸው፤ የጽዳቷ ሴትዮ ብቻ ናት የሰማችኝ።

ማክሰኞ ማርታ የመጣችው የግድግዳውን ልትገዛ ነው። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ አንገቷን ግን እንደ ድሮው ዘንበል ታደርጋለች። ልጅዎ እንዴት ነው፣ ልጅሽ እንዴት ነው ተባባልን። አሁንም ጋሽ ሸምሱ ነው የምትለኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ በርቶ ቁጥሩ ሲመጣ መነጽሬን አስተካክዬ ላነብላት አፌን ከፈትኩ። እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ወደ ራሷ አዞረችው፣ መጀመሪያ የድምፁን ማብሪያ አየች፣ ከዚያ ቁጥሩን ለራሷ አነበበች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሁልጊዜም እንደዚህ ናት፤ እስከ ዛሬ ከእኔ ስንት ዕቃ ገዛች፣ አንድም ቀን ሌላ ነጋዴ ጋ አልሄደችም፣ ዋጋ ላይም እንደ መናኸሪያ ልጅ ነው የምትከራከረኝ። ደረሰኙን አጣጥፋ፣ ቸር ዋሉ ብላ ወጣች።

ሒሳቡ ይህ ነው። የወጣው፣ የጨረታውን ስምንት መቶ ጨምሮ፣ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር። ማርታ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ጤነኛ ነው፣ ባንክ ይሠራል። ምን ይላል ብላ ግን ሁለተኛ ጠይቃኝ አታውቅም።